የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ለዲጂታል ጥበቃ ጉባኤ የሚላክ የፓናል ሐሳብ እንዴት ይዘጋጃል?

በዚህ ዓምድ ለቀረቡልን ጥያቄዎች መልስ ስንሰጥ እንደ ልማዳችን የጠያቂዎቹን ስም አናወጣም። የዛሬዎቹ አራት ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሰሜን ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ባለፉት ዓመታት ከባልደረቦቼ ጋር በመሆን በአካባቢያችን ባሉ ገዳማትና አድባራት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል ካሜራ እያነሣን በሃርድ ዲስክ ስናስቀምጥ ቆይተናል። አሁን አይፕሬስ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ጥበቃ ጉባኤ የፓናል ውይይት ሐሳብ ለመላክ አስበናል። ርእሱን «የኢትዮጵያ የብራና ቅርሶች ዲጂታይዜሽን፦ ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» ብለነዋል። አራት ተናጋሪዎች አሉን፤ አራታችንም የአንድ ቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች ስንሆን እያንዳንዳችን የ15 ደቂቃ ገለጻ አዘጋጅተናል። ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከመላካችን በፊት ምን ብናስተካክል ይሻላል?

መልስ፦ የላኩልን ረቂቅ በጥንቃቄ የተጻፈና ብዙ የተደከመበት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ነገር ግን አሁን ባለበት መልኩ የአራት ጥናታዊ ጽሑፎች ስብስብ እንጂ የፓናል ሐሳብ አይደለም። ስለ ፓናል ያላችሁ ግንዛቤ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። የአገራችን ምሁራን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም የተጀመረውንና 20ኛው በ2018 በመቀሌ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ነው፤ በዚያ ጉባኤ ፓናል ሲባል አንድ አስተባባሪ ርእስ አቅርቦ ሌሎች በርእሱ ሥር ጽሑፋቸውን የሚያነቡበት ክፍል ማለት ነው። በአይፕሬስ ግን ጥናታዊ ጽሑፍ ማቅረብ ለሚፈልግ ረጅምም አጭርም ጽሑፍ የሚያስገባበት የራሱ ክፍል አለው፤ ሥራውን በፖስተር ማሳየት ለሚፈልግም እንደዚሁ። ፓናል ለብቻው የተለየው ጥቂት ሰዎች በአንድ ጥያቄ ላይ በታዳሚ ፊት ተቀምጠው እንዲነጋገሩበት ነው። ስለዚህ ገምጋሚው አራት የ15 ደቂቃ ገለጻዎች ተደርድረው ሲያይ «ይህ ለምን በጥናታዊ ጽሑፍነት አልቀረበም?» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል፤ ቢያደርገውም አይፈረድበትም።

ስለ ጉባኤው ራሱ ትንሽ ማለት የሚጠቅመው ሐሳባችሁን ማን እንደሚያነበው ለማወቅ ነው። አይፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2004 በቤጂንግ ተጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄድ ጉባኤ ሲሆን በ2022 በግላስጎው፣ በ2023 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ በ2024 በቤልጅየም ጌንት፣ በ2025 ደግሞ በኒውዚላንድ ዌሊንግተን ተሰብስቧል። የሚገኙበት ሰዎች በብዛት ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መዛግብት፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ሶፍትዌር ከሚሠሩ ድርጅቶች የሚመጡ ናቸው። ስለ ሰርቨርና ስለ ፋይል ፎርማት ከእናንተ ይበልጥ ያውቁ ይሆናል፤ የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያዝና መጽሐፉ ወደ ካሜራው እንዲወጣ የስንት ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን አያውቁም። ረቂቃችሁ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ካሜራው፣ ስለ መብራቱና ስለ ሌንሱ ይተርካል፤ እነሱ የሚያውቁትን በዝርዝር አስፍራችሁ የማያውቁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፋችሁታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን በርእሳችሁ ውስጥ ያለው ዲጂታይዜሽን የሚለው ነገር ነው። ብራናን ፎቶ ማንሣት ለብራናው ጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ የዲጂታል ጥበቃ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጉባኤው የተቋቋመውም ፎቶው ከ20 ዓመት በኋላ ይከፈታል ወይ፣ የተከፈተው ፋይል ያን ዕለት የተነሣው ራሱ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ፣ ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ ሌላው ቅጂ የት ነው፣ የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ነው። ጉዳዩን በቁጥር ብናየው 20 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ያነሣው አንድ ምስል ሳይጨመቅ በቲፍ ፎርማት ሲቀመጥ ወደ 60 ሜጋባይት ይደርሳል፤ 150 ቅጠል ያለው አንድ ድርሳን በሁለት ገጹ ሲነሣ 300 ምስል፣ ማለትም 18 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን በሦስት ቅጂ ለማስቀመጥ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ 54 ጊጋባይት ያስፈልጋል። በመቶ መጽሐፍ ሲባዛ ጉዳዩ የበጀት ጉዳይ መሆኑ ወዲያው ይታያል፤ ያን በጀት ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ማን ይከፍለዋል የሚለውን ረቂቃችሁ ከነጭራሹ አላነሣውም። ፋይሎቹ ላይ ቼክሰም ተሠርቶ እንደሆነም አይናገርም። ቼክሰም ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር መለያ ሲሆን ፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ መለያው የሚለወጥ በመሆኑ መበላሸትን የሚያጋልጥ ዘዴ ነው፤ እስካሁን ካልሠራችሁት ከጉባኤው በፊት የመጀመሪያው ሥራችሁ ይህ ይሁን።

ደካማ ጎናችሁን በግልጽ መጻፍ ሐሳቡን ውድቅ የሚያስደርገው ከመሰላችሁ፣ በእኛ እምነት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የዲጂታል ጥበቃ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥቶ በ2019 ያሻሻለው «የጥበቃ ደረጃዎች» የሚባል ባለ አራት እርከን መለኪያ አለ፤ የመጀመሪያው እርከን በተለያየ ቦታ የተቀመጡ ሁለት ሙሉ ቅጂዎች እንዲኖሩ ይጠይቃል። «እኛ ያለነው አንደኛው እርከን ላይ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ለመውጣት ያገደን ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው በገምጋሚዎቹ ቋንቋ እየተናገረ ስለሆነ ይሰማል። «ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» የሚለው ርእስ ግን ከግብርና እስከ ባንክ በየስብሰባ አዳራሹ ስለተሰቀለ ምንም አይናገርም። ይተውት።

ታዲያ በምኑ ይተካ? አንድ ፓናል እንዲቆም በእውነት የሚያከራክር ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ ተጋባዦቹ ከመጀመሪያው በሁሉም ነገር ከተስማሙ ውይይቱ የምስጋና ፕሮግራም ይሆናል። ደግነቱ በእናንተ ጉዳይ ውስጥ የሚያከራክር ነገር ሞልቷል። የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ቅጂ ታሪክ ብንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ ቅጂዎቹም በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ካታሎግ ሠርተውላቸዋል። ፊልም ብርሃንና ማጉያ መነጽር እስካለ ድረስ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ በሲዲ የተቀዳ ስንት ነገር ግን ዛሬ አይከፈትም። እንደገናም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ኢትዮ-ስፔር የተባለው ፕሮጀክት በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል ካሜራ አንሥቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክልሉ ጦርነት ሲነሣ እነዚያ ቅጂዎች ከአገር ውጭ መኖራቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ማንም ሊያስተውል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ውጭ የተቀመጠ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም። የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ተጋላጭ መዛግብት ፕሮግራም ዋናው ሰነድ ከአገሩ እንዳይወጣ፣ ዲጂታል ቅጂውም በአገር ውስጥ ተቋም ጭምር እንዲቀመጥ የሚጠይቅ አሠራር አለው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ የኢንተርኔት አገልግሎቶቹ ለወራት በተስተጓጎሉበት ጊዜ የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ሆኗል፤ በእርግጥ በአገር ውስጥ የተቀመጠው ቅጂ የሚከፈት ከሆነ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የፓናላችሁን መግቢያ እኛ ብንጽፈው እንዲህ እንል ነበር፦

«በኢትዮጵያ ገዳም የሚገኝ አንድ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ቅጂው በሦስት እጅ ይገባል፤ በገዳሙ፣ ባነሣው ዩኒቨርሲቲ፣ ገንዘቡን በሰጠው የውጭ ተቋም። ከሦስቱ አንዱ ቅጂ ሲጠፋ ወይም ሲዘጋ የመተካት ግዴታው የማን ነው? የትኛውስ ቅጂ ነው እንደ ዋና የሚቆጠረው? ይህ ፓናል ባለቤት ነን ወይም ባለአደራ ነን የሚሉትን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ የማይስማሙበትን ነጥብ ያነጋግራል፤ ታዳሚዎችም በየአገራቸው ካለው ተመሳሳይ ስምምነት በመነሣት ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ይጋብዛል።»

ልብ ይበሉ፤ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አንድም ቃል የለም። አኩሪ ታሪካችንን ለመተረክ ሌላ ጊዜ አለ። ከኒውዚላንድ ወይም ከፔሩ የመጣ ገምጋሚ የራሱን ችግር እዚህ አንቀጽ ውስጥ እንዲያየው ነው የምንፈልገው።

ጥያቄው ከተወሰነ ተናጋሪዎቹን መምረጥ ይቀላል። አራታችሁም ከአንድ ቤተ መጻሕፍት መሆናችሁ ያለጥርጥር ነጥብ ያስቀንሳል፤ ከእናንተ አንድ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው የመጻሕፍቱ ጠባቂ ከሆነው ወገን፣ ሦስተኛው ቅጂውን ከሚያስቀምጥ የውጭ ተቋም፣ አራተኛው ደግሞ ከኢትዮጵያም ከብራናም ውጭ የሆነ፣ ተመሳሳይ ክርክር በሌላ ሁኔታ ያለፈበት ሰው ቢሆን መልካም ነው። በሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም እንዳሉት ዓይነት የእስልምና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ብትጋብዙ ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ሁሉም በጽሑፍ መስማማታቸውን ሳታረጋግጡ ስማቸውን አታስገቡ። ትልቅ ስም ለድምቀት አስገብቶ በኋላ «ሊመጡ አልቻሉም» ማለት በጉባኤ አዘጋጆች ዘንድ ቶሎ የሚረሳ ነገር አይደለም።

አወያዩም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል። የተሰጠው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው ብንል፣ አወያዩ በ5 ደቂቃ ጥያቄውን ያስቀምጥ፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ ያለ ስላይድ በ4 ደቂቃ አቋሙን ይናገር፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፤ የቀረው ጊዜ የታዳሚው ይሁን። ይህን የደቂቃ ድልድል በሐሳቡ ውስጥ ጻፉት፤ አወያዩ የሚያነሣቸውን ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎችም ቃል በቃል አስፍሩ። የገጽ ብዛትና አቀራረብን በተመለከተ የዓመቱ የጥሪ ማስታወቂያ የሚለው ብቻ ነው ሕጉ፤ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ አትገልብጡ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ረቂቃችሁ መደምደሚያ ላይ ጉባኤው እስካሁን በአፍሪካ ምድር ተካሂዶ እንደማያውቅ ጠቅሳችሁ «ስለዚህ የአፍሪካ ድምፅ ሊሰማ ይገባል» ብላችኋል። እውነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐሳቡ በራሱ እግር ከቆመ ይህ አባባል አያስፈልገውም፤ ካልቆመም አይደግፈውም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለግል ጋዜጦች የኮምፒውተር ጽሑፍ እለቅም ነበር። የዚያን ጊዜ ፋይሎች በፍሎፒና በሲዲ አሁንም በእጄ አሉ፤ ስከፍታቸው ግን የሚታየው ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ፓናል ማቅረብ ይቻላል? ወይስ ለጉባኤ የማይመጥን ተራ የኮምፒውተር ብልሽት ነው?

መልስ፦ ተራ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ዓምድ ከቀረቡልን ጉዳዮች ሁሉ ለዲጂታል ጥበቃ ጉባኤ ከሁሉ የሚስማማው የእርስዎ ይመስለናል። ምክንያቱም እነዚህ ፋይሎች ሲወለዱም ዲጂታል ነበሩ፤ በወረቀት የታተመው ጋዜጣ ቢገኝ እንኳ በእጅዎ ያለው ከኅትመት በፊት የነበረ፣ ምናልባትም ያልታተመ ጽሑፍን የያዘ ነው።

ችግሩ ከየት እንደመጣ እርስዎ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን እንግለጸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መለኪያ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ለላቲን ፊደልና ለምልክቶች በመደበው ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደልን ሥዕል እያስቀመጡ ይሠሩ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ በመሆኑ፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ስለሚበዛበት፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን እግርና ቅጥያ ለየብቻ እያስመቱ አንድ ላይ አጋጠሙት። ስለዚህ «ዲ» በፋይሉ ውስጥ ሁለት ምልክት፣ ለምሳሌ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቃለ አጋኖ ሆኖ ይቀመጥ ይሆናል። ፎንቱ ካለ ማያ ገጹ ላይ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው እርስዎ የሚያዩት ነው። ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ፎንቱ ውስጡ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያታልላል፤ ለዓይን አማርኛው ጥርት ብሎ ይነበባል፣ አንድ ቃል ፈልጎ ማግኘት ወይም መገልበጥ ሲሞከር ግን የሚወጣው ዝብርቅርቁ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ የተሰቀሉ ስንት አዋጆችና ሪፖርቶች በዚህ ሁኔታ እንዳሉ የሞከረ ያውቀዋል።

ለፓናል የሚሆነው ክርክር እንግዲህ እንዲህ ነው። አንደኛው ወገን ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ ይላል፤ ይህ ካልሆነ ማንም አያነበውም። ሌላው ወገን ደግሞ ሲለወጥ ስሕተት ይገባል፣ ያልታወቁ ምልክቶች ይጠፋሉ፣ የገጹ አቀማመጥ ይፈርሳል፣ ስለዚህ የድሮው ኮምፒውተር አሠራር በአዲሱ ላይ በኢሙሌሽን ይነሣና ፋይሉ እንደ ተፈጠረበት ዘመን ይታይ ይላል። ሁለቱንም የሚያስኬዱ አሉ፤ ያን ጊዜም የፎንቱ ባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል፤ ፎንቶቹ የንግድ ምርት ነበሩና ማን ፈቅዶ ነው በቤተ መዛግብት የሚቀመጡት? እርስዎ በተናጋሪነት የሚቀመጡበት ቦታ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የትኛው ጋዜጣ በየትኛው ፕሮግራም ይለቀም እንደነበር፣ ፊደሉ ውስጥ የሌለን ምልክት ለቃሚዎች በምን ዘዴ ይተኩት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠፋ ነው፤ ይህ እውቀት በየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ አልተጻፈም።

ጉዳዩ የአማርኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት የምያንማርን ምሳሌ ይጠቀሙ። የዚያ አገር ሕዝብ ለዓመታት ይጽፍ የነበረው ዛውጂ በሚባል ከዩኒኮድ ጋር በማይስማማ ፎንት ሲሆን አገሪቱ ወደ ዩኒኮድ መሸጋገርዋን በይፋ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 ነው። ከዚያ አገር የመጣ አንድ ተናጋሪ ቢገኝ ፓናሉ በሁለት እግሩ ይቆማል። ከአገራችንም ቢሆን ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ ለጉራጊኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2021 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ቀደም በእነዚያ ፊደላት የተጻፉ ሰነዶች የእርስዎ ፍሎፒዎች ያሉበት ችግር ውስጥ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ምክር አለን። ፍሎፒዎቹን አሁኑኑ፣ ሐሳቡን ከመጻፍዎም በፊት፣ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ያስገልብጡ፤ ፍሎፒው በራሱ ማግኔታዊ ነውና ዕድሜ አለው። ፋይሎቹን ከፍተው እንደገና «ሴቭ» አያድርጉ፤ እንዳሉ ይገልበጡ። የፎንት ፋይሎቹን የያዘ ዲስክ ካለዎት እሱ ከጽሑፎቹ እኩል ውድ ነው።

ጥያቄ፦ በገዳማችን የመጻሕፍት ጠባቂ የሆኑ አባት በፓናል ውይይት ላይ እንዲናገሩ ከአንድ ቡድን ጥሪ መጥቶላቸዋል። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ወደ ውጭም ወጥተው አያውቁም። እኔ የቅርብ ልጃቸው እንደመሆኔ ሁኔታው ለይስሙላ የሚያስቀምጧቸው መስሎኝ ተጨንቄአለሁ። ይሂዱ ወይስ ይቅሩ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በጉባኤ ላይ የማኅበረሰብ ተወካይ ተብሎ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ቃሉ ያልተሰማ ሰው ያጋጥማል። በሌላ በኩል ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡትና ኬር በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቁት የነባር ሕዝቦች መረጃ አያያዝ መርሆች በዘርፉ ብዙ ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ከአራቱ መርሆች አንዱ መረጃውን የመቆጣጠር ሥልጣን የባለቤቱ ማኅበረሰብ መሆን አለበት የሚል ነው። ስለዚህ የአባታችን መገኘት አዘጋጆቹ የሚያደርጉላቸው ውለታ ሳይሆን ጉዳዩ የሚጠይቀው ነው።

ለጋበዘው ቡድን ሦስት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ፣ አስተርጓሚው ማን ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋስ ያውቃል ወይ? «ገበዝ»፣ «ዕቃ ቤት»፣ «ቃለ ውግዘት» ሲባል የሚደናገር አስተርጓሚ አባን ያላሉትን ያስብላቸዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ «የሰረቀ፣ የፋቀ፣ ያስወጣ» ተብሎ የተጻፈው ውግዘት ለእሳቸው የጥበቃ ሕግ ነው፤ ፎቶውስ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከአዳራሹ ሁሉ እሳቸው ብቻ ሊያነሡት የሚችሉት ነው፤ ይህ በአግባቡ ከተተረጎመ ውይይቱን ይለውጠዋል። ሁለተኛ፣ በትርጉም የሚናገር ሰው እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ በደቂቃ ድልድሉ ውስጥ ታስቦላቸዋል ወይ? ሦስተኛ፣ የሚናገሩት ነገር አስቀድሞ ተነግሯቸው ከገዳሙ ማኅበርና ከሀገረ ስብከቱ ጋር እንዲመክሩበት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል ወይ? በግላቸው የተናገሩት እንደ ገዳሙ ውሳኔ ተቆጥሮ እንዳይጻፍ ይህ የግድ ነው።

ለሦስቱም ጥሩ መልስ ከተገኘ ይሂዱ። ጉዞው ለጤናቸው የሚከብድ ከሆነ ወይም ቪዛው የሚያጠራጥር ከሆነ በርቀት መሳተፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ነገር ግን በቀጥታ የኢንተርኔት መስመር ላይ ብቻ አትተማመኑ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። ንግግራቸው አስቀድሞ በቪዲዮ ተቀርጾ፣ የትርጉም ጽሑፍ ከሥሩ ተደርጎለት ለአወያዩ ይድረስ፤ መስመሩ ከሠራ በቀጥታ ለጥያቄ ይመልሳሉ፣ ካልሠራም ቃላቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ የጥሪ ማስታወቂያው የማስረከቢያውን ቀን ከጻፈ በኋላ «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚል ሐረግ ጨምሯል። ለአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ማለት ነው?

መልስ፦ ቀኑ በዓለም ላይ መጨረሻ በሚመሽበት የሰዓት ክልል፣ ማለትም ከግሪንዊች 12 ሰዓት ወደ ኋላ በቀረው ክልል እስኪያበቃ ድረስ ይቀበላሉ ማለት ነው። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም በመካከላችን 15 ሰዓት አለ፤ በመሆኑም እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በአዲስ አበባ የማግስቱ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ማስታወቂያው ይህን ሐረግ ካልጨመረ ግን አዘጋጆቹ ባሉበት አገር ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ጠይቀው ያረጋግጡ። በማስታወቂያው ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን፣ ለተናጋሪዎችዎ ሲያስተላልፉም ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ እንደሚገባዎ አይርሱ፤ «3 ሰዓት» የተባለ የዝግጅት ስብሰባ ላይ ግማሹ ሰው ከቀትር በኋላ ሲጠብቅ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉን ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ያስገቡ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ማንም አያውቅም።